ቅቤ ውስጥ የተደበቀው

ሰው ገድለሻል ብሎ የከሰሰኝ የለም። ቡራዩ ገበያ ገብታችሁ «ቅቤ ነጋዴዋ ሰብሪያ የት ናት?» ብትሉ ማንም ሰው ያሳያችኋል፤ «አፏ ነው እንጂ ልቧስ ደግ ነው» ብሎም ይጨምርላችኋል። ወላሂ ይቺን «ልቧስ ደግ ነው» የምትባል ነገር ስሰማ ጆሮዬን እይዛለሁ። ልቤን ማን ከፍቶ አየው? የታየው አፌ ነው። አፌ ምን እንደሠራ ደግሞ ሳላሳምር እነግራችኋለሁ፤ ከዚያ በኋላ የምትሉትን በሉኝ።

ነገሩ ስለ ራያ ነው። ራያ ሁሴን ኤችአይቪን ዘጠኝ ዓመት ተሸክማ ወገቧ ያልጎበጠ ልጅ ነበረች። እኛን ግን አሥር ወር መሸከም አቃታት።

ተወልዳ ያደገችው ከሰበታ ወዲያ ተጂ ነው፤ አባቷ ከስልጤ መጥቶ እዚያ ልባሽ ጨርቅ ይነግድ ነበር። በሃያ ዓመቷ በጅማ መንገድ ለሚመላለስ የጭነት መኪና ሹፌር ዳሯት። አርግዛ ክትትል ስትሄድ ደሟን መረመሩና ቫይረሱ ተገኘባት። ባልየው «አንቺ ነሽ ያመጣሽብኝ» ብሎ በዚያው መኪናውን አስነስቶ ጠፋ። እሱ ራሱ አልተመረመረም። ፅንሱም አልቆየላትም። ይህን ሁሉ ያወቅኩት ኋላ ነው። ያን ጊዜ የማውቀው፣ ከቤቴ ጀርባ በገፈርሳ በኩል ያለችውን አንድ ክፍል የተከራየች፣ ባል የፈታች፣ የሃያ ሁለት ዓመት ሳቂታ ልጅ መሆኗን ብቻ ነበር። እኔንም ባሌ ሌላ አግብቶ ጥሎኝ ነበር። ሁለት የተጣልን ሴቶች ተገናኘንና አብረን መነገድ ጀመርን።

ሥራችን እንዲህ ነበር። እሷ በሳምንት አንዴ ጫንጮ ትሄዳለች፤ ከገበሬዎቹ ቅቤ ለቃቅማ በኮባ ጠቅልላ ታመጣለች፤ እኔ ቡራዩ ቁጭ ብዬ እሸጣለሁ። ኦሮምኛዋ ከእኔ በእጥፍ ይበልጣል። የጫንጮ ሴቶች «ራያ ኬኛ» ይሏት ነበር፣ የኛ ራያ ማለታቸው ነው። ጉልበቷስ! እኔ ለማንሳት «ያ አላህ» የምልበትን ማዳበሪያ እሷ በአንድ እጇ ሚኒባስ ላይ ትወረውረዋለች። «አንቺ ልጅ፣ ወንድ ሆነሽ ልትፈጠሪ ነበር፣ መላእክቱ ሐሳባቸውን ቀየሩ እንዴ?» ስላት ትስቃለች። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ጉንፋን እንኳ ሲጥላት አላየሁም።

በየሦስት ወሩ ግን አንድ ነገር ታደርጋለች። የጫንጮ ገበያ ባልሆነ ቀን ተነስታ «ጫንጮ አንድ ደንበኛ ቀጥሮኛል» ብላ ትሄዳለች። ደንበኛ የሚባል አልነበረም። ቀጠሮዋ ሱሉልታ ያለ ጤና ጣቢያ ነበር። ቡራዩ ጤና ጣቢያ ጠፍቶ አይደለም፤ ከቤታችን በእግር ሩብ ሰዓት አይሞላም። ግን ቡራዩ ጤና ጣቢያ ግቢ ውስጥ የትኛው በር የምን በር እንደሆነ የማያውቅ ሰው የለም። የምግብ ነጋዴ ደግሞ በዚያ በር ስትገባ ከታየች ንግዷ አለቀ። ስለዚህ አስኮን አቋርጣ፣ አዲሱ ገበያ ሌላ መኪና ይዛ፣ እንጦጦን ዞራ፣ ማንም የማያውቃት አገር ሄዳ መድኃኒቷን ትወስዳለች። ማታ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ አንዲት ኪኒን ትውጣለች፣ አለቀ። ሐኪሞቹ ቫይረሱ ደሟ ውስጥ በምርመራ እስከማይታይ ድረስ ወርዷል ብለዋት ነበር። ያቺን ኪኒን እስካላቋረጠች ድረስ እኔን ቀብራ ትኖር ነበር።

መድኃኒቱን ቤት የምታስገባበት መንገድ ነው ጉዱ። የኪኒኑ ብልቃጥ ሲነቀነቅ ይንኳኳል፤ እኔ ደግሞ የሰው ቦርሳ መፈተሽ የማልተው ሴት ነኝ። ከመንገድ ስትመጣ ዕቃዋን የምፈታው እኔ ነኝ፤ «ምን ገዛሽልኝ?» እያልኩ። ይህን ስለምታውቅ ሱሉልታ ላይ ብልቃጡን ትጥልና ኪኒኑን በላስቲክ አጥብቃ ቋጥራ አንድ የቅቤ ድቡልቡል መሃል ትቀብረዋለች። እቤት ስትደርስ «ይቺ የራሴ ናት» ብላ ያቺን ድቡልቡል ለብቻ ታስቀምጣለች። እኔ ምስኪኗ፣ ለፀጉሯ ነው እል ነበር።

ቅቤ ንግድ ላይ አንድ ሕግ አለ፤ ማንም ማንንም አያምንም። ላዩ ለጋ ቅቤ ተለቅልቆ መሃሉ ሙዝ ወይ የተቀቀለ ድንች ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ ሁላችንም ስንጥር አናጣም። ድቡልቡሉን መሃሉ ድረስ ወግተን፣ ስንጥሩን አውጥተን፣ አሽትተን ነው የምንገዛው። እናቴ ከመቃብር ተነስታ ቅቤ ብትሸጥልኝ ሳልወጋ አልገዛትም። ግንቦት ላይ ደግሞ ገበያው ውስጥ «የነሰብሪያ ቅቤ እንደ ድሮው አይደለም» የሚል ወሬ ሰምቼ ደሜ ፈልቶ ነበር።

አንድ ቀን እትዬ ሬሐና መጡ። እትዬ ሬሐና የሴቶች እድራችን ሰብሳቢ ናቸው፤ የትልቅ ጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ባለቤት፣ ሠርግ በደገሱ ቁጥር ቅቤ የሚወስዱት ከእኔ ብቻ ነው። የልጃቸው ሠርግ ደርሶ ሃያ ኪሎ ፈለጉ። ራያ ገና ከመንገድ በቀጥታ ገበያ ገብታ ለቀትሩ ሰላት ውዱ ልታደርግ፣ ልትታጠብ ማለት ነው፣ ቧንቧው ጋ ሄዳለች። እኔ መዘንኩ፣ መዘንኩ፣ ትንሽ ጎደለኝ። የራያን ድቡልቡል አነሳሁና እንደ ልማዴ ስንጥሩን ሰካሁ። መሃል ላይ ሲደርስ አልገባም አለ። ቆመ።

ሙዝ ነው አልኩ። ወዲያው ጭንቅላቴ ዞረ። ለካ ስሜን ያጠፋችው ይቺ ናት! «ሰው ሆይ፣ ኑና እዩልኝ! በእቅፌ ያኖርኳት ልጅ ሌባ ሆና ቆየችኝ!» ብዬ ጮህኩ። ማር የምትሸጠው ጎረቤቴ ሊቤ «ማል ታቴ? ምን ሆንሽ?» እያለች ሮጣ መጣች። ሰዉ ተሰበሰበ። ድቡልቡሉን በሁለት እጄ ሰንጥቄ ከፈትኩት። ላስቲክ ወጣ። ጎትቼ በጠስኩት፤ ኪኒን ሚዛኑ ላይ ተበተነ።

መድኃኒት ቤት የምትሠራ ሰናይት የምትባል ልጅ ከገዢዎቹ መሃል ነበረች። አየችውና ፊቷ ተለወጠ። ጠጋ ብላ «እትዬ፣ ይሸፍኑት» አለችኝ።

«የምን መሸፈን! ምንድን ነው እሱ?»

ጆሮዬ ላይ ጎንበስ ብላ አንዲት ቃል ተነፈሰች። የአላህ ያለህ፣ ዝም ብል ምን ነበረበት? እዚያው ላይ ብዋጠው ምን ነበረበት? እኔ ግን የሰማሁትን ደግሜ፣ ያውም በዚያ በምታውቁት ድምፄ፣ «የኤችአይቪ?» አልኩ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም የሚሉት እውነት ነው። ቀና ስል ራያ ከፊቴ ቆማለች። ከክርኗ ላይ ውሃ ይንጠባጠባል።

ተንበርክካ ኪኒኖቹን አንድ በአንድ ለቀመች፤ ቅቤውን በሻርፗ እየጠረገች። ጥቂቶቹ ሰዉ እግር ሥር ተንከባለው ነበር። አንድም ሰው ጎንበስ ብሎ አላቀበላትም፤ እግሩን ነው የሰበሰበው። እትዬ ሬሐና «ቅቤውን ትቼዋለሁ» ብለው ከሁሉም ቀድመው፣ እንደሚሮጥ ሰው ሆነው ሄዱ።

ከዚያ በኋላ ማንም አልሰደባትም። ብትሰደብ እኮ እኔ አለሁ፤ ለመሳደብ ማን ይችለኛል? ሰዉ ያደረገው ሌላ ነው። ሊቤ የማር ባልዲዋን ወደዚያ ፈቀቅ አደረገች። ደንበኞቼ ሚዛኑ ላይ ያለውን ቅቤ እያዩ «ይሄን ማን ነው የጠቀለለው?» ማለት ጀመሩ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ቅቤዬ ፀሐይ መታው። በምግብ እንደማይተላለፍ እንኳን እኔ ድመቴም ታውቃለች፤ የጤና ኤክስቴንሽኗ ልጅ ስንት ጊዜ መጥታ ነግራናለች፣ አጨብጭበንላታል። ግን ምን ዋጋ አለው? እኔ ራሴ የራያን ብርጭቆ ለብቻ ማስቀመጥ ጀመርኩ። ሳታየኝ ነው የማደርገው ብዬ ነበር። ለካ አይታለች። አንድ ቀን ሻይ ልቀዳ ስነሳ እሷ ቀድማኝ ያቺኑ ብርጭቆ አምጥታ ያዘችልኝ። እኔም እፍረት የሚባል ሳይዘኝ ቀዳሁላት።

ከዚያ «ለጥቂት ጊዜ እቤት ሁኚ፣ ወሬው ይብረድ» አልኳት።

«እሺ እትዬ» አለችኝ። እሺ ብቻ።

የሷ ነገር ያለቀው ግን ነሐሴ ላይ ነው። የሱሉልታ ቀጠሮዋ ደርሶ ጠዋት ተነሳች። ጫንጮ መሄድ ካቆመች ሦስት ወር ሊሆናት ነው፤ አሁን የት ልትሄድ ነው የምትለው? ሊቤ መንገድ ላይ አገኘቻትና፣ ልብ በሉ፣ በክፋት አይደለም፣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ «አይዞሽ እሺ፣ ዛሬ የመድኃኒቱ ቀን ነው?» አለቻት። ታክሲ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ዞሮ አየ። ራያ ዕቃ እንደረሳ ሰው ተመለሰች። እኔ በመስኮት አየኋት። ወጥቼ «ነይ አብረን እንሂድ» ማለት እችል ነበር። አላልኩም። በሳምንቱ ዕቃዋን ጠቅልላ «ሰበታ ሥራ አግኝቻለሁ» ብላ ሄደች። እውነቱን ልንገራችሁ፤ እፎይ አልኩ። ቅቤዬም እንደገና መሸጥ ጀመረ።

ጥር ላይ ከማላውቀው ቁጥር ተደወለልኝ። «ገመቺስ እባላለሁ፣ ከሰበታ ነው» አሉኝ፤ የሽማግሌ ድምፅ ነው። «አንዲት ተከራይ አለችኝ። ታማለች። ሰው አላት ወይ ብዬ ስልኳን ባይ ያንቺ ቁጥር ብቻ ነው ያለው።»

በነጋታው ሄድኩ። ኦቦ ገመቺስ በሩ ላይ ጠብቀው ግቢው መጨረሻ ያለች አንዲት ቆርቆሮ ቤት አሳዩኝ። «ጎረቤቶቹ ሳሏን እየሰሙ ልጆቻቸውን ይከለክላሉ» አሉኝ። «እኔ እንኳ ወተት አስቀምጥላታለሁ፣ አትጠጣም።»

ስገባ ራያን አላወቅኳትም። ወላሂ አላወቅኳትም። ማዳበሪያ በአንድ እጇ የምትወረውረው ልጅ ፍራሹ ላይ ካለው ብርድ ልብስ ሥር የለችም ብትሉኝ አምናለሁ። ጉንጯ ገብቷል። ታስላለች፤ ስታስል ትከሻዋ ይሰበሰባል። አጠገቧ ተቀመጥኩና አለቀስኩ። ከዚያ እንደ ልማዴ ተቆጣሁ።

«መድኃኒቱስ?»

«ተውኩት።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«የያዝኩት ሲያልቅ። ከነሐሴ።»

«አብደሻል? ዘጠኝ ዓመት ያኖረሽን መድኃኒት!»

ቀስ ብላ ተነሳችና ግድግዳውን ተደገፈች። «እትዬ፣ ዘጠኝ ዓመት ታምሜ ያየኝ ሰው አለ?» አለችኝ። «የለም። በሽታው አንድ ቀን አጋልጦኝ አያውቅም። ያጋለጠኝ መድኃኒቱ ነው። ኪኒኑ ባይገኝ ኖሮ ዛሬም ጫንጮ ነበርኩ። እዚህ ማንም አያውቀኝም። ኪኒን የሌለባትን ሴት ማን ምን ይላታል?»

ይህን ስትለኝ ልቆጣት አልቻልኩም። ምክንያቱም ውሸት አይደለም። እንደዚያ እንድታስብ ያደረግናት እኛ ነን። ከእኛም እኔ ነኝ።

ለመንኳት። ተሳደብኩ፣ ደግሞ ለመንኩ። ሰበታ ጤና ጣቢያ እንሂድ ብላት የጎረቤቶቹን በር እያየች እምቢ አለች። በመጨረሻ ሱሉልታ እንሂድ፣ ካርድሽ ያለው እዚያ ነው፣ ሐኪሞቹም ያውቁሻል አልኳት። «አንቺ ካለሽ እሄዳለሁ» አለች። «አጠገቤ ትቀመጫለሽ?»

«ወላሂ እቀመጣለሁ።»

«ሰው ቢመጣም?»

«ማንም ቢመጣ!»

ረመዳን ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነው የሄድነው። ኦቦ ገመቺስ እስከ አስፋልቱ ደግፈው አደረሱልን። ሱሉልታ ስንደርስ ንፋሱ ይገርፍ ነበር፤ ነጠላዬን አውልቄ ደረብኩላት። ጤና ጣቢያው ውስጥ ያለችው ሲስተር ራያን ስታያት ክው አለች። «የት ጠፋሽብን? ስንት ጊዜ ደወልን እኮ!» ብላ እቅፍ አደረገቻት። አክታዋን ወሰዱ፣ ደሟን ወሰዱ። ሲስተሯ ሳንባ ነቀርሳ ሳይሆን አይቀርም፣ ግን ይድናል፣ ዛሬውኑ እንጀምርልሻለን አለች። አንድ ነገር ብቻ ፈለገች። መድኃኒቱን በየቀኑ መውሰዷን የሚከታተል፣ ስሙና ስልኩ ካርዱ ላይ የሚጻፍ ሰው።

«አብሮሽ የመጣ አለ?»

«አለች» አለች ራያ። «እህቴ ናት።»

ለስድስት ወር ያላየሁትን ፈገግታ ያን ጊዜ አየሁት። ኮሪደሩ ላይ ቁጭ በሉ፣ ውጤቱ ሲደርስ እጠራችኋለሁ ተባልን። አግዳሚው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ራሷን ትከሻዬ ላይ አስደገፈች። ትኩሳቷ በልብሴ አልፎ ይሰማኛል። አልሐምዱሊላህ፣ ተረፈች አልኩ። ወዲያውም አቅድ ጀመር፤ እኔ ጋ ትገባለች፣ አጥሚት አዘጋጅላታለሁ፣ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ቆሜ አስውጣታለሁ።

ቀና ስል እትዬ ሬሐና በኮሪደሩ በር ሲገቡ አየሁ።

ጥቁር አባያ ለብሰው ሻርፑን እስከ አፍንጫቸው ስበውታል፤ ግን አካሄዳቸውን አውቀዋለሁ። እሳቸውም አዩኝ። ሁለታችንም እኩል ደነገጥን። እሳቸው ቀደሙኝ።

«ሰብሪያ! አንቺ እዚህ አገር ምን ትሠሪያለሽ?»

አሁን ያን ሰዓት ጭንቅላቴ ውስጥ የነበረውን ልንገራችሁ። ራያ አልነበረችም። ረመዳን ነበር። የጾም ማፍጠሪያ ሾርባ፣ የኢድ ድግስ፣ የዓመቱ ትልቁ የቅቤ ገበያ። የእድሩ ሰብሳቢ ነገ ቡራዩ ገብተው «ሰብሪያን ከዚያ በር ሥር አየኋት» ቢሉ ማን ከእኔ ይገዛል አልኩ። ያ ሁሉ በአንዲት ትንፋሽ ውስጥ ነው የመጣብኝ።

«ለስኳሬ ነው እትዬ» አልኩ። ስኳር የሚባል የለብኝም። «እርስዎስ?»

«የታመመ ዘመድ ልጠይቅ።» ዓይናቸው ራያ ላይ አረፈ። «ይቺ… ያቺ ልጅ አይደለችም እንዴ? አብራችሁ ናችሁ?»

ራያ ራሷን ከትከሻዬ አነሳች። ዞራ አየችኝ። እየጠበቀች ነበር። እህቴ ናት ማለት ብቻ ነበር ከእኔ የሚጠበቀው።

«ኧረ እኔ! ከሄደች ወዲህ የት አውቄ!» አልኩ። «አሁን እዚሁ ነው ያየኋት።» ብዬም አላበቃሁ፤ እየተንፏቀቅኩ የአግዳሚው ጫፍ ላይ ሄድኩ።

እትዬ ሬሐና ሁለታችንንም አዩን። ከዚያ አንድ ቃል ሳይናገሩ፣ ዘመድ ጥየቃ የመጡት ሴትዮ ማንንም ሳይጠይቁ፣ በገቡበት በር ተመልሰው ወጡ። ራያ ነጠላዬን ከትከሻዋ አውርዳ አጣጠፈችና በመካከላችን ባለው ባዶ ቦታ ላይ አስቀመጠችው። «ሽንት ቤት ደርሼ ልምጣ» አለች፤ ወደ እኔ ሳታይ።

ቆየች። ሌላ ነርስ በሩን ከፍታ «ራያ ሁሴን!» አለች። ደግማ ጠራች። ሦስተኛም ጠራች። «እህቷስ? አብራት የመጣች እህት አላት ተብሏል እኮ» ብላ በየአግዳሚው ተመለከተች። በዚያን ሰዓት ከቡራዩ የመጣ አንድም ሰው እዚያ አልነበረም። እኔ ግን ዝም አልኩ። ገበያ መሃል የማይዘጋው አፌ ያን ዕለት ተለጎመ።

ቆይቼ ነቃሁና እስከ መኪና ማቆሚያው ሮጥኩ። የለችም። ስልኳ ዝግ ነው። በሁለተኛው ቀን ሰበታ ሄጄ በሯን ደበደብኩ። «እትዬ፣ ደህና ነኝ። ሂጂ» አለችኝ ከውስጥ። ሳል አቋረጣት። «ቅቤሽ እንዳይበላሽ» አለች ደግሞ። እንድቆጣ ይሁን ከልቧ፣ እስከ ዛሬ አላወቅኩም። ኦቦ ገመቺስ ሽማግሌ ላኩባት፣ አልከፈተችም። ሦስት ጊዜ ሄድኩ፤ ሦስቴም በሩን አይቼ ተመለስኩ። ሰብሬ መግባት ነበረብኝ።

ረመዳን በገባ በሃያኛው ቀን ሞተች።

ቀብሯ ላይ ምን ያህል ሰው እንደመጣ ብነግራችሁ አታምኑኝም። ከቡራዩ ሁለት ሚኒባስ ሞልቶ መጣ። የጠቀለለችውን ቅቤ የተጠየፉት ሁሉ መጡ። ሊቤ መሬት ላይ ተንከባለለች። «ብርድ መትቷት ነው»፣ «ሳንባዋ ነው» ይባባላሉ፤ ስሙን ያነሳ የለም። ያጠብኳት እኔ ነኝ። የሚያጥቡት ሴቶች ጓንት አምጥተው ሰጡኝ፣ ወረወርኩት። በባዶ እጄ አጠብኳት። ለሞተ ሰው ጀግና መሆን ቀላል ነው፤ ብርጭቆ የለየሁባትን ልጅ ሬሳዋን አቀፍኩት። ምን ይፈይድላታል?

በሦስተኛው ቀን፣ ከሰዓት በኋላ የአስር ሰላት ከተሰገደ ወዲህ፣ እትዬ ሬሐና ብቻቸውን እቤቴ መጡ። ገብተው በሩን ዘጉ። አልተቀመጡም።

«ያን ዕለት ለስኳር አልነበረም የመጣሽው» አሉኝ።

«አልነበረም እትዬ። ይዣት የመጣሁት እኔ ነኝ።» ይርገሙኝ ብዬ ጠበቅኩ። እርግማኑን ፈልጌው ነበር።

«እኔም ዘመድ ጥየቃ አልነበረም» አሉ።

መጀመሪያ አልገባኝም። ፊታቸውን ሳይ ነው የገባኝ። ጉንጫቸው ከስቷል፤ የጾም ነው ብዬ ነበር።

«አሥራ አንድ ዓመት መድኃኒቴን እዚያ ነው የምወስደው» አሉ፤ ድምፃቸው ሹክሹክታ ነው። «አንቺ ገበያ ላይ የጮህሽ ዕለት እቤት ማስቀመጥ ፈራሁ። ልጆቼ ያገኙብኛል ብዬ አንዱን ቀን ስውጥ አንዱን ስተው ከረምኩ። ያን ዕለት ተጨንቄ፣ እንደምንም ደፍሬ ነበር የሄድኩት። አንቺን አየሁ። ያቺን ልጅ አብሬያት አይደለሁም ብለሽ ስትሸሺያት አየሁ። አብራት የበላችው እንዲህ ካለቻት እኔን ምን ልትለኝ ነው አልኩ። ካርዴን ሳልሰጥ ወጣሁ።»

«ከዚያ ወዲህስ?»

«አልሄድኩም።»

«ኪኒኑስ?»

«አልቋል» አሉ። «ለዚያ አይደለም የመጣሁት። እንዳትናገሪብኝ ልለምንሽ ነው። እባክሽ ሰብሪያ፣ ልጆቼ እንዳይሰሙ።»

ከሱሉልታው ዕለት ወዲህ አምስት ሳምንት ቆጠርኩ። ራያ ከዚያ ዕለት በኋላ የኖረችውን ያህል። «እትዬ፣ ነገ ጠዋት አብረን እንሄዳለን» አልኳቸው። «እኔ አጠገብዎ እቀመጣለሁ። ማንም ቢመጣ!»

ብዙ አዩኝ። «ለእሷም እንደዚህ ብለሻት ነበር?» አሉኝ።

እንዳይወጡብኝ ብዬ እጃቸውን ያዝኩት። እጃቸው ይፋጅ ነበር።